ፈተናዋን እስክትጨርስ

ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ የቅዳሜና የእሑድ ተማሪዎችን ሳስተምር ያስቸግረኝ የነበረው ትምህርቱ ሳይሆን ወረቀቱ ነበር። ተማሪዎቼ ልጆች አይደሉም። አብዛኞቹ በየገጠሩ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል የሚያስተምሩ፣ ዲፕሎማ ለማግኘት በሳምንት ሁለት ቀን ከቡሬ፣ ከማንኩሳ፣ ከጂጋና ከዚያም ወዲያ ካለው ገጠር የሚመላለሱ መምህራን ናቸው። ክረምት ሲሆን ወንዝ ይሞላባቸዋል፤ በአጨዳ ጊዜ ደግሞ እርሻው ይይዛቸዋል። አንድ ቅዳሜ የቀረ ሰው በሚቀጥለው ይመጣና «መምህርት፣ ያለፈው ወረቀት አልደረሰኝም» ይለኛል። እኔም ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት እሮጣለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ መብራት የለውም። መብራት ሲመጣ ቀለም የለውም።

እኔ ራሴ ለአገሩ እንግዳ ነኝ። የተወለድኩት መንዝ ነው። ሥራ አግኝቼ ዓባይን ከተሻገርኩ በኋላ እዚያው ቀረሁ። ኑሮዬ ከቤት ወደ ኮሌጅ፣ ከኮሌጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ስለዚህ የክፍሉ ተጠሪ፣ ማንኩሳ አጠገብ የአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የሆነ ቀልደኛ ሰው፣ አንድ ቅዳሜ ተነሥቶ «መምህርት፣ ለምን ፌስቡክ ላይ ግሩፕ አንከፍትም?» ሲለኝ ደነገጥኩ።

«ፌስቡክ የወሬ ቦታ አይደለም እንዴ?»

«ወሬማ የሌለበት የት አለ? እኛ የምንገባው ለትምህርት ነው።»

«ጠላ ቤትም እንዲሁ እያልክ ነው የምትገባው» አለችው ከኋላ ወንበር አንዷ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

እኔ ግን ሳልጠይቅ የምጀምረው ነገር የለም። በሳምንቱ የነፍስ አባቴን አማከርኳቸው።

«ወንድና ሴት ይቀላቀልበታል?» አሉኝ።

«በክፍልም እንደተቀላቀልን ነን፣ አባ።»

«እንግዲያ እኔ ምን ልበል። ብቻ በጾም የማይሆን ነገር እንዳታዪበት።»

ተከፈተ። ያኔ በሁሉም መሥሪያ ቤት ሰው አንድ ለአምስት የሚደራጅበት ዘመን ስለነበር፣ እኛም ግሩፑን በአንድ ለአምስት ከፋፈልነው። ወረቀቱን በስልኬ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቼ እለጥፋለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ አንድ ጥያቄ እጽፋለሁ፤ የማስተምረው የሕፃናት እድገትና አስተዳደግ ነውና «አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ ዝም ካለ ምን ታደርጋላችሁ?» ዓይነት። እስከ ቅዳሜ ድረስ መልሱ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ይጠቅማል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፤ ግን ጠቀመ። በክፍል ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ወጥተው የሚሄዱ ሴቶች እዚያ ላይ ገጽ ሙሉ ይጽፉ ጀመር። ቅዳሜ ስንገናኝ ነገሩ የተጀመረ ጨዋታ ስለሚሆን ትምህርቱ ከመሐሉ ይነሣል። እኔም ማታ ማታ መልሶቹን ሳነብ ቤቴ ሰው ያለበት ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉም በላይ የምትጽፈው ከቡሬ ወዲያ፣ ከአስፋልቱ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ገጠር አንደኛ ክፍል የምታስተምር ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ከሠላሳ አምስት ያልፋል፤ ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላት። ከትምህርት ቤቷ ኔትወርክ የለም። አንድ ኮረብታ አለ፣ እሱ ላይ ስትወጣ ነው ስልኳ የሚሠራው። ስልኳ የግእዝ ፊደል መጻፊያ ስለሌለው አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ትጽፈዋለች። የአንድ መስመር መልስ ለመስጠት እንኳ በመጀመሪያ «ለተከበሩ መምህርቴ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል፣ እኔ ልዑል እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ትላለች።

«እትዬ፣ ሰላምታሽን አንብበን ሳንጨርስ ካርዳችን አለቀ እኮ!» ይሏታል ወጣቶቹ።

«እና ደጁን ሳላንኳኳ ልግባ?» ትላቸዋለች።

አባቷ መሪጌታ ነበሩ፤ ዱርቤቴ አጠገብ በአንድ ደብር ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ። እሷንም ከቆሎ ተማሪዎቻቸው ጋር አስቀምጠው ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። «ሴት ልጅ ከተማሪ መሐል ምን ታደርጋለች» ያላቸውን ሁሉ ዝም ብለው ነው ያሳለፉት። ስለዚህ አባባ ብላቸው አታውቅም፤ እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነው የምትላቸው። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት አጫወተችኝ፦ «ዲፕሎማ ምን እንደሆነ አያውቁትም፣ መምህርቴ። ፈተና ግን ያውቃሉ። እሳቸውም በመምህራቸው ፊት ቆመው ተፈትነዋል። በሄድኩ ቁጥር ጉልበታቸውን ስስም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ፈተናሽ መቼ ነው? አንድ ቀን ጨረስኩ ስላቸው ደስ ይላቸዋል።»

በዚያው ሰሞን የኮሌጁ ዲን ስለ ግሩፑ ሰምቶ ቢሮው ጠራኝ። «ይህ ምርጥ ተሞክሮ ነው» አለኝ። «ተቀምሮ መቅረብ አለበት። ጻፊልኝ።» ጀመርኩለት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

የማጠቃለያው ፈተና ቅዳሜ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተጠሪው ደወለልኝ።

«መምህርት፣ መጥፎ ነገር ሰማሁ። የእትዬ አባት ዐርፈዋል።»

«ማን ነገረህ?»

«ከእኛው ክፍል አንዱ፣ የሚስቱ ዘመዶች ዱርቤቴ አሉ። ማክሰኞ ተቀበሩ አለኝ። አገር ምድሩ ካህን ወጥቶ ነበር አሉ።»

«እሷስ?»

«እሷማ እዚያው ትሆናለቻ። ከሰኞ ጀምሮ ግሩፑ ላይ አልታየችም።»

አባት ተቀብሮ ልጅ አልሰማችም ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ልጠረጥር ይገባኝ ነበር። ያደግኩበትም አገር፣ የመጣሁበትም አገር፣ ሰው ሞተ ሲባል ከነፍስ ይማር በፊት የሚጠየቅ አንድ ነገር አለ፦ ባለሐዘኗ ተረድታለች ወይ? መርዶ እንዲሁ ከአፍ የሚወጣ ነገር አይደለም። ሽማግሌ ይፈለጋል፣ የምትደግፋት ሴት ትፈለጋለች፣ እህል መቅመሷ ይታያል፣ ገና ሳይነጋ በሯ ይንኳኳል። መንገድ ላይ ባገኛት፣ በአፌ ብናገር ኖሮ፣ ይህን ሳላጣራ አንዲት ቃል አልተነፍስም ነበር። ስጽፍ ግን የምናገር አልመሰለኝም። ይህን ካወቅሁ በኋላ ብዙ ዓመት አልፎኛል፤ ዛሬም ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

አርብ ቀትር ላይ፣ ጾም እንደሆንኩ፣ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጬ ጻፍኩት። ቃላቱን ስመርጥ ቆየሁ። «የምንወዳት እኅታችን አባቷን መሪጌታን ስላጣች ሐዘኗ ሐዘናችን ነው። ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን። ለእርሷም መጽናናትን ይስጥልን» ብዬ ለጠፍኩት። ስሟንም ከነአባቷ ስም አስገባሁበት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አርባ የሚሆን ሰው ነፍስ ይማር ብሎ ጻፈበት። አንዱ የሻማ ሥዕል ለጠፈ፣ ሌላው መስቀል። ተመለከትኩትና ልቤ ሞቀ፤ እሷ ከለቅሶው መሐል ሆና አንድ ቀን ብታየው ትጽናናበታለች ብዬ። ዲኑ በበሩ ሲያልፍ አሳየሁት።

«አየሽ? ማኅበራዊ ትስስር ማለት ይኼ ነው» አለኝ። «ሪፖርቱ ላይ አስገቢው።»

ስምንት ሰዓት አካባቢ በማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለ።

«ጤና ይስጥልኝ። የእኅቴ መምህርት እርስዎ ነዎት?»

ማንነቱ ገባኝ። «እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ እኔም ልመጣ…»

«ለካ እውነት ነው» አለ። «ሰው ሲነግረኝ አላምን ብዬ ነው የደወልኩልዎ።»

«ምኑ ነው እውነት?»

«በስልክ ተጽፏል የተባለው። መምህርት፣ እኅቴ እኮ አልተረዳችም።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። እሱ ግን ረጋ ብሎ፣ እኔ እንዳልደነግጥ የሚጠነቀቅ ይመስል፣ ይነግረኛል።

«አባታችን ራሳቸው ናቸው ያዘዙት። ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ጠሩኝና፣ ልጄ ፈተና ላይ ናት፤ ፈተናዋን እስክትጨርስ እንዳትነግሯት አሉኝ። ቀብር ማሳጣት ከባድ ነው፤ እናውቃለን። ግን የአባት ቃል ነው። ነገ ተፈትና ቡሬ አክስታችን ቤት ታድራለች። እሑድ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይዘን ልንገባ ነበር። ሁሉም ተሰናድቶ ነበር።»

«ምን አደረግሁ፣ ወንድሜ…»

«ምናልባት አላየችው ይሆናል። ትምህርት ቤቷ ኔትወርክ የለም። ቶሎ ያጥፉት፤ እባክዎን።»

አልተቆጣኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በስልኬ ልከፍተው ብሞክር እየዞረ ቀረ። የኮሌጁ መብራት ጠፍቷል። ነጠላዬ መሬት እየጎተተ ወደ መናኸሪያው ወረድኩ፤ እዚያ ጄኔሬተር ያለው ኢንተርኔት ቤት አለ። ዲቪ የሚሞሉ ወጣቶች በሩ ድረስ ተሰልፈዋል።

«እኅቴ፣ ተራ አለ» አለኝ ከፊት ያለው።

«ተራ መሆኑን አይቻለሁ። መርዶ ነው» አልኩት።

ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ሰልፉ ሁሉ ወደ ጎን አለ፤ ኮምፒዩተሩ ላይ የነበረችው ልጅ ፎርሟን ሳትጨርስ ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። መርዶ ሲባል መንገድ መልቀቅ እነዚያ ልጆች እንኳ ያውቃሉ። የይለፍ ቃሌን ሁለት ጊዜ ሳትኩ። በመጨረሻ ገባሁና ማጥፊያውን ስነካ፣ ማሽኑ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀትር ላይ ስለጥፈው እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም ነበር። ነካሁት። የእኔም ጽሑፍ፣ የአርባውም ሰው ነፍስ ይማር፣ ሻማውም መስቀሉም በአንድ ጊዜ ጠፋ። እዚያው አማተብኩ። ተመስገን አልኩ።

ከዚያ ተጠሪውን ደውዬ ለሁሉም በየአንድ ለአምስቱ እንዲነግር አዘዝኩት፤ ማንም ለእሷ ትንፍሽ እንዳይል። እኔ ደግሞ መናኸሪያው ልጠብቃት ወሰንኩ። ከፈተና በፊት ባለው ቀን መጥታ ከጓደኛዋ ዘንድ እንደምታድር አውቃለሁ። ይዣት ቤቴ እሄዳለሁ፤ ስልኳንም ባትሪው አልቋል፣ ልሙላልሽ ብዬ እቀበላታለሁ፤ ተፈትና እስክትወጣ ከሰው እጠብቃታለሁ። ይህን ሳወጣና ሳወርድ ደወልኩላት። ስልኳ ጠራ። አላነሣችም። ደግሜ ደወልኩ፤ ጠራ። የሚጠራ ከሆነ ኔትወርክ ያለበት ደርሳለች ማለት ነው።

አሥር ሰዓት አካባቢ ከቡሬ የመጣ ሚኒባስ ገባ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወረዱት ሁለት የማላውቃቸው ሴቶች ናቸው። በግራና በቀኝ ይዘዋታል። ሻሿ ወልቋል፤ መቀነቷን አላልተውላታል። ከኋላዋ አንድ ሰውዬ ቦርሳዋን ተሸክሞ ይወርዳል፤ ረዳቱ እንኳ ዝም ብሎ በሩን ይዞ ቆሟል። ድምፅዋ አልቆ ነበር። አየችኝ።

«መምህርቴ፣ የኔታን ቀበሯቸው?»

አቀፍኳት።

ነገሩን አንደኛዋ ሴት ነገረችኝ። ቡሬ መናኸሪያ ሲደርሱ ስልኳ ተከታትሎ ጮኸ። «ጎሽ፣ መምህርቴ ጥያቄ ልከዋል» ብላ ነው የከፈተችው። አነበበችው። ከዚያ ሚኒባሱ ተነሣ። ዝም ብላ ተቀምጣ፣ ማንኩሳ ሲደርሱ ደግማ ልታነብ ብትከፍተው የለም። ለጎረቤቷ ስልኩን ሰጥታ «እስቲ እዪልኝ፣ አባትሽ ሞቱ የሚል ጽሑፍ አለ?» አለቻት። የለም አለቻት። «እንግዲያ አብጃለሁ» አለች። ቆይቶ፣ የማጥፋቱ ወሬ ካልደረሳቸው ተማሪዎች አንዱ እግዚአብሔር ያጥናሽ የሚል መልእክት ለብቻዋ ላከላት። ያኔ ነው የጮኸችው። ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ፣ መንገድ ዳር አብሯት አለቀሰ። አባቷን የማያውቅ፣ እሷንም የማያውቅ ሰው።

እኔ ተመስገን ብዬ ሳማትብ፣ እሷ በዚያው ሰዓት አእምሮዋን ትጠራጠር ነበር። ማጥፋቴ ከመጻፌ ይበልጥ ጎዳት።

ለወንድሟ ደውዬ ነገርኩትና ቤቴ ወሰድኳት። ጎረቤቶቼ መጡ፤ ከተማው ውስጥ ያሉ ተማሪዎችም መጡ፤ ንፍሮ ተቀቀለ። ተጠሪው፣ ያ ቀልደኛ ሰው፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቀና ማለት አቃተው። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች።

«ማክሰኞ ነው አሉ የተቀበሩት። ማክሰኞ እኮ ልጆቹን መዝሙር ሳዘምር ነበር። እያጨበጨብኩ ነበር።»

ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ወንድሟ፣ የቡሬዋ አክስቷና ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንደኛው ካህን። ሌሊቱን ገሥግሠው የመጡት ለእሑድ ያሰናዱትን ቃል ይዘው ነበር፤ የሚያደርጉት ግን ጠፋቸው። ካህኑ መስቀላቸውን ይዘው ከደፉ ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ የመጣንበት ነገር ቀድሞን ገብቷል» አሉ።

ቀና ብላ አየቻቸው። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች። «እንዳልሰማሁ አድርጋችሁ ንገሩኝ። የየኔታን መርዶ ከስልክ ላይ ተቀብዬ አልቀርም።»

ነገሯት። ሽማግሌው ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ መቼ እንደታመሙ፣ ማን እንዳስታመማቸው፣ ሥጋ ወደሙ እንደተቀበሉ፣ ተማሪዎቻቸው አልጋቸውን ከብበው ሲያዜሙ አንዱ ቢስት በጣታቸው እንዳረሙት። ከዚያ ወንድሟ አባቷ ስለ ፈተናዋ ያሉትን ቃል በቃል ነገራት። አለቀሰች። የአርቡ ጩኸት ድንጋጤ ነበር፤ የዚያ ጠዋቱ ግን እንባ ነው። አክስቷ ከጀርባዋ ደግፋት ነበር። እኔ ጥግ ቆሜ፣ ያን ሁሉ ነገር በሦስት መስመር ጽፌ ጨርሻለሁ ብዬ ማሰቤን አስታወስኩ።

ሲነጋ ወንድሟ «መኪና ይዘናል፤ እንነሣ» አለ።

«ፈተናው ሦስት ሰዓት ነው አይደል፣ መምህርቴ?» አለች።

«ምን ትላለች ይቺ!» አለች አክስቷ። «የአባቷ አፈር ሳይደርቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች ቢሉሽስ? ሰው ምን ይላል?»

«የኔታ ያሉትን ሰምተሽ የለ እንዴ፣ እቴ?»

«ይቆይልሽ፤ በሌላ ቀን እፈትንሻለሁ» አልኳት እኔ። ራሷን ነቀነቀች።

ስትገባ ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ ቆመ። እስክትቀመጥ ድረስ ማንም አልተቀመጠም። ወረቀቱን ሰጠኋት። አጎንብሳ ጻፈች፤ ግማሽ ሰዓት ያህል። ከዚያ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስቀምጣ፣ እጆቿን አጣምራ ተቀመጠች። ሌሎቹ እየጨረሱ ወጡ። እሷ ሰዓቱ እስኪያልቅ አልተነሣችም። ደወሉ ሲደወል መጥታ ወረቀቷን ሰጠችኝና «ጨረስኩ» አለችኝ። ወንድሟ በሩ ላይ ይጠብቃት ነበር።

የመጀመሪያው ገጽ በደንብ ተጽፏል። የቀሩት ሦስቱ ባዶ ናቸው። ማረም ነበረብኝ፤ ዕርማቱን ግን አልነካሁትም። ዲኑ ዘንድ ሄጄ ለእሷ ሌላ ፈተና እንዲፈቀድ ለመንኩ፤ ፈቀደልኝ። በዚያው ስለ ምርጥ ተሞክሮው ጠየቀኝ።

«አልጽፈውም» አልኩት።

«ምነው? ያ ሁሉ ሰው የተጻጻፈበት!»

«ስለዚያ ነው።» ገብቶት እንደሆነ አላውቅም፤ ሪፖርቱን ሌላ ሰው ጻፈው።

ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። ስግደት ሰጡኝ፤ ልጅቱንም ይቅርታ እንድጠይቃት አዘዙኝ። ከአባቷ አርባ በኋላ ጥቁር ለብሳ ለፈተናው መጣች። ተፈትና አለፈች፤ ግን ውጤቷን ስነግራት ፊቷ አልተለወጠም። «የኔታ የጠየቁኝን ያን ዕለት ጨርሻለሁ። ይኼ ለኮሌጁ ነው» አለችኝ። ያኔ ነው እግሯ ላይ ልወድቅ የተነሣሁት፤ ክንዴን ይዛ አስቀረችኝ።

«እርስዎ ምን አደረጉ፣ መምህርቴ? ያዘኑልኝ መስሎዎት ነው። እኔ አልቀየምኩዎትም። ብቻ አንድ ነገር ይከነክነኛል። አርባ ሰው ሲጽፍ፣ ተረድታለች ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? አርባውም እኮ ያገራችን ሰው ነው።»

ልትሄድ ስትነሣ፣ «ከዚያ ግሩፕ ያውጡኝ» አለችኝ። «ወረቀቱን በሰው ይላኩልኝ።»

አወጣኋት። እስክትመረቅ ድረስ ሐሙስ ሐሙስ ወረቀቷን በፖስታ አሽጌ ለቡሬ ሹፌር እሰጥ ነበር፤ ቡሬ ላይ አክስቷ ትቀበልላታለች። ለሌሎቹ ግሩፑ ቀጠለ። ለትምህርቱ ጠቃሚ ነበርና ልዘጋው አልቻልኩም። የረቡዕ ጥያቄዬን እጽፋለሁ፤ የሰው ሞትና የሰው ሕመም ግን እዚያ እንዳይነሣ ከለከልኩ። የእሷ ቦታ ባዶ ከሆነ በኋላ መልሶቹ አጠሩ፤ ወይም ለእኔ እንዲያ መሰለኝ።

እሷን ከግሩፑ ባወጣሁበት ሳምንት መንዝ ላለው ወንድሜ ደወልኩለት። እናታችን ያለችው ከእሱ ጋር ነው።

«እማዬ አንድ ነገር ብትሆን በስልክ እንዳትነግረኝ» አልኩት። «በጽሑፍም፣ በምንም።»

«እና ዓባይን ተሻግረን ሽማግሌ ይዘን እንምጣልሽ?» አለና ሳቀ።

«አዎ።»

መሳቁን ተወ። የነፍስ አባቴን ስልክ ሰጠሁት፤ ጻፈው።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ሰሞኑን ስደውል እናቴን አያገናኘኝም። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች አለኝ። ቀጥሎ ተኝታለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጎረቤት ሄዳለች፤ ድምፁ ጥሩ አልነበረም፣ ጉንፋን ይዞኛል አለኝ። የት ጎረቤት ብዬ አልጠየቅሁትም። እንዲህ አድርግ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ቃሌን እየጠበቀልኝ ነው፤ እኔም እሱን አላስዋሸውም። አሁን ደውዬ የምለው «ሰላም ናችሁ?» ብቻ ነው። «ሰላም ነን» ይለኛል።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጠዋት ከቅዳሴ ስወጣ የነፍስ አባቴ ከደጀ ሰላሙ ጠበቁኝና፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ ነገ ማለዳ ቤት እኖር እንደሆነ ጠየቁኝ።

«እኖራለሁ፣ አባ» አልኳቸው።

ከቤት ገብቼ ወለሉን ጠረግሁ። ከጎረቤት ሁለት አግዳሚ ወንበር ተውሼ ከግድግዳው አስጠግቼ አኖርኩ። ሲመጡ እህል ቀምሳለች ወይ ብለው እንዳይቸገሩ፣ ማታ ትንሽ በላሁ።